የማይደክም እጅ፤ ስለ መኪና የእጅ ፍሬንና ስለ ደብረ ታቦር ቁልቁለት

እኛ ተማሪዎች አብዛኞቻችን መኪና የለንም፤ ብዙዎቻችንም መንጃ ፈቃድ የለንም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ስለ እጅ ፍሬን የሚናገር ጽሑፍ ያጋጠመው አንባቢ «ይህስ ለጋራዥ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የራሳችን መኪና ባይኖረን በሰው መኪና እንሳፈራለን። ትምህርት ሲዘጋ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር መጥተን ወረታ ላይ ሚኒባስ ስንለውጥ፣ ከደብረ ታቦርም ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ስንሻገር፣ ሾፌሩ በመንገድ ዳር አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ወይም ዕቃ ሊያወርድ ሲወርድ እኛ ከነጓዛችን ከውስጥ ተቀምጠን እንቀራለን። በመሪው ላይ ሰው የለም፤ በፔዳሉም ላይ እግር የለም። በዚያች ሰዓት መኪናውን በተዳፋቱ ላይ የሚይዘው አንድ የሽቦ ገመድና በኋላ ጎማዎች ውስጥ ያለ ጥቂት ሸራ ነው። እርሱ ካልሠራ ደግሞ አንድ ድንጋይ። ስለ እነዚህ ነገሮች ጥቂት ማወቅ ለተሳፋሪም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በውጭ አገር ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ «የአደጋ ጊዜ ፍሬን» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ መኪና በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ የእግር ፍሬን እንቢ ቢል እጀታውን መዥረጥ አድርጎ መሳብ መድኃኒት መስሎ የሚታየው ከዚህ ስም የተነሣ ነው። የእኛ ነጂዎች «የእጅ ፍሬን» ማለታቸው የተሻለ ነው፤ በምን እንደሚያዝ ይናገራል እንጂ የማይችለውን ተስፋ አይሰጥም። ስለ ስም ካነሣን ዘንድ ሌላም አለ። አማርኛችን መቆም ያቃተውን መኪና «ፍሬን በጠሰ» ይለዋል፤ ሳያመዛዝን የሚናገረውንም ሰው እንዲሁ። የእግር ፍሬን ግን በቱቦ ውስጥ ባለ የዘይት ግፊት የሚሠራ ስለ ሆነ ይፈስሳል፣ ይግላል፣ አየር ይገባበታል እንጂ የሚበጠስ ነገር እምብዛም የለውም። በእውነት ሊበጠስ የሚችለው የእጅ ፍሬን ነው፤ ገመድ ነውና።

አሁን ወደ አገራችን መንገድ እንምጣ። ወረታ ከፎገራ ሜዳ ጫፍ በ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ታቦር ከዚያ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆና ከፍታዋ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ንፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከልም የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ብሎ ቆሞ ያያል። በወረታና በደብረ ታቦር መካከል ያለውን ከፍታ ለርቀቱ ብናካፍለው በ100 ሜትር የሚወጣው 2 ሜትር ከሩብ ያህል ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን አማካይ ቁጥር በዚህ ቦታ ያታልላል። መንገዱ የፎገራን ሜዳ ለጥ ብሎ ይሄድና አቀበቱን በአንድ ወገን አጠራቅሞ ያመጣዋል፤ በአለም ሳጋ ደን በኩል ያለፈ ሰው ጆሮው ሲደፈን ይህን ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር ወዲያ በጋሳይና በንፋስ መውጫ አድርጎ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራውና ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ደግሞ አብዛኛውን በተራራ ጀርባ ላይ የሚሄድ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ሜዳ መርጦ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተሳፋሪ የሚወርደው ቤቱ ባለበት ነው፤ ቤቱም በተዳፋት ላይ ነው።

ከባድ ነገርን በዚህ አገር ቁልቁለት ላይ ይዞ የማቆየት ጥያቄ መኪና ሳይመጣ የነበረ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮጳ የመጡ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ እንደ ነበር ከታሪክ ትምህርት የማያስታውስ የለም። ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ለመድፉ መንገድ እየተጠረገ፣ ሠረገላው በሰው ኃይል እየተጎተተ ነበር የሚሄደው። በሰሜን በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦርም በኋላ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆ በዚሁ በተጠረገው መንገድ ተጠቅሞበታል።

ስለ ሴባስቶፖል ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው አቀበቱን ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስጨናቂው ቁልቁለቱ ነው፤ ወደ ላይ ሲጎተት ሰው ቢደክም መድፉ ባለበት ይቆም ዘንድ ድንጋይ ይደገፍለታል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን የያዘው ሰው ሁሉ ከመድፉ ጋር ይሄዳል። እስቲ እናስላው። በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የቆመ ነገር ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በሚያህል ኃይል ወደ ታች ይጎትታል። የ7 ቶን መድፍ እንግዲህ ወደ 1,400 ኪሎ ገደማ ይስባል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 30 ኪሎ መያዝ ይችላል ብንልና የመንኮራኩሩን ፍትጊያ ብንተው፣ መድፉን ቀጥ አድርጎ ለማቆም ብቻ 47 ሰው ያስፈልጋል። የሚቀያይራቸው ሌላ 47 ሰውም መኖር አለበት። የሰው እጅ ይደክማልና፤ ያልበዋል፤ እግሩም በጭቃ ይንሸራተታል።

የእጅ ፍሬን የተፈጠረው ይህን ድካም ለማስቀረት ነው። ነጂው እጀታውን አንድ ጊዜ ይስባል፤ ከእጀታው ሥር ያለው ባለ ጥርስ ብረትና በጥርሱ ላይ የምትወድቀው ትንሽ ምላስ የሳበውን ኃይል ይዘው ያስቀሩለታል። ስንስብ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ምላሷ ከጥርስ ወደ ጥርስ ስትዘል ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ምሳ ሊበላ ይችላል፤ ሊተኛም ይችላል፤ ብረቱ አይደክምም። ነገር ግን ክፋቱም በዚህ ነው። የእግር ፍሬን ሲበላሽ ነጂው በመሪው ላይ ስላለ ወዲያው ያውቀዋል። የእጅ ፍሬን ግን ሥራው ሰው በሌለበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ብልሽቱም የሚገለጠው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰው ባለበት ሰዓት ሊፈተን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ከእጀታው የተነሣው ኃይል በሽቦ ገመድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገመዱ በመኪናው ሆድ ሥር በቱቦ ተሸፍኖ ያልፍና ለግራና ለቀኝ ጎማ ይከፈላል። በጎማው ውስጥ ታምቡር አለ፤ ድስት የመሰለ ብረት ሆኖ ከጎማው ጋር የሚዞር ነው። በታምቡሩ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ገመዱ ሲሳብ ሁለቱ ጨረቃዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ሸራቸው ታምቡሩን ይጨብጣል። በዲስክ ፍሬን የሚሠሩ መኪናዎች አንዳንዶቹ በዲስኩ እምብርት ውስጥ ትንሽ ታምቡር አላቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ የእግር ፍሬን መቆንጠጫ በገመድ ያስጨብጡታል። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሌላ ዓይነትም አለ። በገጠራችን ለብዙ ዘመን ያገለገለው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬኑ በጎማ ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ ነው። ዕቃ ጫኙ አነስተኛው አይሱዙም እንዲሁ ነው። ይህ ፍሬን ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ መኪናው ሲሄድ ቢሳብ ዘንጉንና ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ሁለተኛው ግን ሰው የሚገድል ነው። ጎማ ተንፍሶ አንዱ የኋላ እግር በክሪክ ሲነሣ፣ የተነሣው ጎማ በአየር ላይ በነፃ ይዞራል፤ ዲፈረንሻሉም መዞሩን ለእርሱ ስለሚሰጠው በመሬት ላይ የቀረው ጎማ መያዣ ያጣል። ዘንጉ እንደ ታሰረ ነው፤ መኪናው ግን ይንከባለላል። በማርሽ ብቻ የቆመ መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ማርሹ የሚይዘው በዚያው ዘንግ በኩል ነውና። ከሥር የተኛው ሰው ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ፍሬንም ስቤአለሁ ብሎ ልቡ ያርፋል። በተዳፋት ላይ ጎማ ከመነሣቱ በፊት የቀሩት ጎማዎች በታኮ መደገፍ ያለባቸው ስለዚህ ነው፤ ከተቻለ ደግሞ መኪናውን ሜዳ እስኪያገኙ ቀስ ብሎ መግፋት ይሻላል። ጎማ ቢበላሽ ሰው ይተርፋል።

የእጅ ፍሬን እንዴት ይበላሻል? ብዙ ጊዜ በመሥራት ሳይሆን ባለመሥራት ነው። ነጂው ማርሽ አስገብቶና ድንጋይ አስደግፎ ማቆም ከለመደ እጀታው ለወራት ሳይነካ ይቀራል። ክረምቱ ጭቃና ውሃ በቱቦው ጫፍ ያስገባል፤ ገመዱ ዝጎ ከቱቦው ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በጭንቅ ሲሳብ ወይ አይንቀሳቀስም፣ ወይ ይሳብና አይመለስም፣ ወይ ይበጠሳል። ነጂው ይህን አይቶ «ድሮም የእጅ ፍሬን አይታመንም» ይላል፤ ያላመነውም እርሱ ነው፣ ያዛገውም እርሱ ነው። በከፍተኛው አገር፣ በጉና ዙሪያና በንፋስ መውጫ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመታ በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ገመዱን ሊያስቸግር ይችላል።

ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። እጀታው ከለመደው በላይ ወደ ላይ ከወጣ ወይ ሸራው አልቋል ወይ ገመዱ ረዝሟል። በብዙ መኪና ከ5 እስከ 8 «ቀጭታ» ድረስ መያዝ አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። እጀታው እንደ ቅቤ ለስልሶ ያለ ምንም ክብደት ከወጣ ገመዱ ተበጥሷል። እጀታው በደንብ ጠንክሮ መኪናው ግን ከተንሸራተተ፣ ሸራው ዘይት ወይም ግራሶ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ይህ ዘይት ከፍሬኑ ሲሊንደር ወይም ከአክሱ መድፈኛ የሚፈስስ ስለ ሆነ የእግር ፍሬኑም በአደጋ ላይ መሆኑን ያስታውቃል። ፍሬኑ ተለቅቆ ሳለ የኋላ ጎማው ከጋለና የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ገመዱ አልተመለሰም።

በዚህ ቦታ በየሰፈሩ ስለሚደረግ አንድ የጥገና ልማድ መናገር አለብኝ። እጀታው ሲረዝም ከእጀታው ሥር ያለውን ብሎን ማጥበቅ ቀላል ነው፤ ጎማም መፍታት የለበትም፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እጀታው ወዲያው ያጥራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ሸራው ግን እንዳለቀ ነው። የተወጠረው ገመድ ሁለቱን ጨረቃዎች ወደ ቦታቸው እንዳይመለሱ ይከለክላቸዋል፤ በታምቡሩ ውስጥ ያለው ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያም መሥራቱን ያቆማል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ገመዱን ማላላት፣ ታምቡሩን ከፍቶ ሸራውን ማየት፣ ያለቀ ከሆነ በሁለቱም ጎማ መለወጥ፣ ሸራውን ለታምቡሩ ማቀራረብ፣ ገመዱን በመጨረሻ ማስተካከል። ገመድ በቋጠሮ ወይም በብየዳ አይቀጠልም። አንዱ ዘለላ የተበጠሰ ሽቦ ሌሎቹም እየተከተሉት ነውና ይለወጣል። ግራና ቀኝ እኩል መያዛቸውም ይታይ፤ በአንድ ጎማ ብቻ የሚይዝ ፍሬን በደረቅ ቀን ያስመሰግናል፤ በዝናብ ቀን ያጋልጣል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከፊትም ከኋላም ሰው የሌለበት ቀለል ያለ ተዳፋት ይመረጣል። እግር በፍሬን ፔዳል ላይ እንዳለ የእጅ ፍሬኑ ይሳባል፤ ማርሹ ዜሮ ይደረጋል፤ ከዚያ እግር ከፔዳሉ ሳይርቅ ቀስ ብሎ ይላላል። መኪናው ቀጥ ካለ ዞሮ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አድርጎ ይደገማል። የታምቡር ፍሬን በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ሊይዝ ስለሚችል ወደ ላይ ዞሮ የያዘ መኪና ወደ ታች ዞሮ ይይዛል ማለት አይደለም። ብዙ አገሮች የተስማሙበት ደንብ የቤት አውቶሞቢል ሙሉ ጭነቱን ይዞ 20 በመቶ በሆነ ተዳፋት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ እንዲቆም ያዛል፤ ይኸውም ያ በመድፉ ያሰላነው ከ5 ሜትር አንድ ሜትር ነው። ልብ ማለት የሚገባው «ሙሉ ጭነቱን ይዞ» የሚለውን ቃል ነው። ባዶውን 2 ቶን ያህል የሆነ ሚኒባስ ሰውና ጓዝ ሲሞላ 3 ቶን ቢደርስ፣ በዚያ ተዳፋት ላይ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከ400 ኪሎ ወደ 600 ኪሎ ገደማ ያድጋል። ባዶውን ጋራዥ በር ላይ የተፈተነ ፍሬን ስለ በዓል ዋዜማ ጭነት ብዙ አይመሰክርም። የዓመት ምርመራውና ቦሎውም ቢሆን ስለዚያ ስለ አንዱ ቀን ነው የሚናገሩት።

ፍሬኑ ጥሩ ሆኖም የሚያታልልበት ጊዜ አለ። በገመድ የሚጨበጥ የዲስክ ፍሬን ያለው መኪና ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ዲስኩ እንደ ምጣድ ግሎ ሳለ ቢቆም፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የጨበጠውም እጅ ይላላል። ነጂው ትቶት ሲሄድ የቆመ መኪና ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሰው ይህን አይቶ የሰይጣን ሥራ ያደርገዋል፤ የሙቀት ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ማርሽ ማስገባት፣ ጎማ መደገፍና ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሶ እጀታውን አንድ ሁለት ጥርስ መጨመር ይበጃል።

እንግዲህ የእጅ ፍሬኑ መበላሸቱ ቢታወቅና ጋራዥ ሩቅ ቢሆን ምን ይደረጋል? ነጂው አቀበት ፊት ሲሆን አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት ፊት ሲሆን የኋላ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩም ይጠፋል። የፊት ጎማዎችን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን፣ ማለት ወደ ቦዩ እንዲሄዱ አድርጎ ያዞራቸዋል፤ መኪናው ቢያመልጥ እንኳ ቦይ ገብቶ እንዲቀር ነው። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ደግሞ «ፒ» ላይ ስለ ተደረገ ብቻ አይታመን። በካምቢዮው ውስጥ የሚይዘው ከጣት ብዙ የማይበልጥ የብረት ጥርስ ነው። ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ካረፈ በኋላ «ፒ» ቢገባ ጥርሱ ይድናል፤ ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ግን ሲነሡ «ጓ» የሚል ድምፅ፣ ውሎ አድሮም ስብራት ያመጣል።

ስለ ታኮ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በየመንገዱ የምናየው ነገር ነው፤ የጫነ መኪና አቀበት ላይ ያቅተዋል፤ ረዳቱ ገና ሳይቆም ዘሎ ይወርድና ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር ሊያስገባ ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ ገና የልጅነት ወዙ ያልጠፋ ጎረምሳ ነው። የሚቆመው በጎማውና በቁልቁለቱ መካከል ነው፤ ድንጋዩ ቢያሞጠልቅ ወይም እግሩ ቢያዳልጠው የሚቀድመው እርሱ ነው። ክቡ ድንጋይ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጎማው ይወጣበታል ወይም ገፍቶ ያንከባልለዋል። የተሻለው ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ፣ በአንድ ወገን ስለት በሌላው ወገን ወፍራም የሆነ ታኮ ነው። ስፋቱ የጎማውን ያህል፣ ቁመቱ ከጎማው ቁመት ሩብ ያላነሰ ቢሆን ጥሩ ነው። የሚገባው ከጎን ሆኖ ነው፤ ከኋላ ቆሞ አይደለም። ረጅም እጀታ ወይም ገመድ ቢኖረው የልጁ እጅ ከጎማው ሥር አይደርስም። የሚደገፈውም ጭነቱ የበረታበት ጎማ በቁልቁለቱ ወገን ነው፤ ሁለት ታኮ ካለ በግራና በቀኝ።

ገመዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ታኮው በመንገድ ላይ አይቀርም። መኪናው ከአቀበቱ ሲነሣ ማንም ተመልሶ ድንጋዩን አያነሣም፤ ሾፌሩ ኃይሉ እንዳይቋረጥበት ይቸኩላል፤ ረዳቱም እየሮጠ ይንጠለጠላል። ድንጋዩ በአስፋልቱ መካከል ይቀራል። ማታ ደግሞ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ይመጣል። አንዱ ሰው ራሱን ያዳነበት ድንጋይ ለሌላው ወጥመድ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ታኮውን በአጭር ሰንሰለት ወይም በገመድ ከመኪናው ጋር ያሰረ ነጂ ባየሁ ቁጥር ስለ አእምሮው ጥሩ አስባለሁ።

መንከባለል የጀመረ መኪና ካጋጠመ ግን ከኋላ ሄዶ በጉልበት መደገፍ፣ ወይም ሮጦ በር ከፍቶ ለመግባት መታገል አይገባም። ያን የመድፉን ሒሳብ እናስታውስ፤ ሁለት ሰው 600 ኪሎ አይዝም። የሚጠቅመው መጮህና ከታች ያለውን ሰው ከመንገድ ማስወጣት ነው። ተሳፋሪም ከሆንን፣ ሾፌሩ በተዳፋት ላይ ሲወርድ «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑ ይይዛል? ታኮ ይግባ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥሩ ሾፌር አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነም ወርዶ እግርን ማፍታታት ይቻላል፤ ሕፃናትን ይዞ።

በጉዞ ላይ የእግር ፍሬን እንቢ ቢል፣ ለምሳሌ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ ሸራው ግሎ መያዝ ቢያቅተው፣ የእጅ ፍሬን ሦስተኛ ረዳት ነው። አንደኛው ማርሽ ነው፤ ወደ ዝቅተኛው በተራ እየወረዱ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ። ሁለተኛው ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ነው፤ ጥቂት ግፊት ሊመለስ ይችላል። ከዚያ የእጀታውን ቁልፍ በአውራ ጣት እንደ ተጫኑ፣ ምላሷ እንዳትነክስ ይዘው፣ ቀስ በቀስ መሳብና ጎማው ሊቆለፍ ሲል ማላላት። ቁልፉን ለቅቆ መዥረጥ ማድረግ የኋላ ጎማዎችን ይቆልፋቸዋል፤ መኪናውም ጭራውን ወደ ፊት ያዞራል። በዘንግ ላይ ፍሬን ስላላቸው መኪናዎች ከላይ ያልነው አይረሳ። በመሠረቱ ግን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ያንኑ አቀበት ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ የወረደ ነጂ እዚህ ጭንቅ ላይ የሚደርስበት ምክንያት ጥቂት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚለቅቀው ግን ቁጠባውን በሸራ ይከፍለዋል።

ስለ ከባድ መኪናዎች በአጭሩ። በአየር ግፊት ፍሬን የሚሠሩት ትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች የሚቆሙት በብርቱ ሞላ ነው፤ አየሩ ሞላውን ጨቁኖ ይይዘዋል፤ አየሩ ሲወጣ ሞላው ይዘረጋና ጎማውን ያስራል። ስለዚህ አየር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል እንጂ አያመልጥም፤ አሠራሩ ብልህ ነው። ጥበቡ የሚፈርሰው አየር ሲያንሰው መኪናውን ለማንቀሳቀስ ሲባል ሞላው በብሎን ተጨቁኖ ሲታሰርና እንደ ታሰረ ሲረሳ ነው። ያን ጊዜ እጀታው ቢሳብም ባይሳብም ያው ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየከተማው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መጥቷል። በብዙዎቹ ላይ እጀታም ገመድም የለም፤ አንዲት ቁልፍ ስትጫን በኋላ ጎማዎች ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ፍሬኑን ያስጨብጡታል። «ቀጭታ» መቁጠር በዚህ ቀረ። ሌላም የቀረ ነገር አለ፤ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መጭመቂያ መያዝ የሚባለው የአባቶች ብልሃት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አይሠራም። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ደግሞ ቁልፏ አትታዘዝም፤ የተጨበጠው እንደ ተጨበጠ፣ የተለቀቀውም እንደ ተለቀቀ ይቀራል። ስለዚህ ታኮ ከእነዚህም መኪናዎች ጋር ሊጫን ይገባል። ለጥገና ሲገቡም መካኒኩ የኋላውን ሸራ ከመለወጡ በፊት መኪናውን በኮምፒዩተሩ በኩል ወደ ጥገና ሁኔታ አስገብቶ ሞተሮቹን ወደ ኋላ ማስመለስ አለበት። እንደ ድሮው በመቆንጠጫ ገፍቶ የሚያስገባው ከሆነ ሞተሩን ወይም የሞተሩን ጥርስ ሊሰብረው ይችላል።